ሁሉም ከገባ ማን ይወጣል?

ስለ አዳማ ትራፊክ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው የመኪናው ብዛት ነው። ቀጥሎ የመንገዱ ጥበት። ከዚያ ባጃጅ። ቡና ላይም፣ ቢሮም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥርም ወሬው በዚሁ ተራ ይሄዳል። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም። ግን ረፋድ ላይ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ አራት ባጃጅና አንድ አይሱዙ ብቻቸውን መስቀለኛ መንገድ ጥርቅም አድርገው ዘግተው ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው ሌላም ነገር እንዳለ ይገባዋል። አምስት ተሽከርካሪ ብዛት አይባልም። እዚያ የጠፋው የሚያሳልፍ ሰው ነው።

የዚህች ከተማ ልጅ ነኝ። መኪና የያዝኩት ዘግይቼ ነው፤ ያረጀች ቪትዝ አለችኝ። ቤንዚን ሲጠፋ ወይም የፓርኪንግ ፍለጋው ሲያስጠላኝ በባጃጅ እሄዳለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ስሆን የቤት መኪና ያናድደኛል። መኪናዬ ውስጥ ስሆን ባጃጁ። በእግሬ ስሆን ሁላችሁም።

ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ መሐል ከተማ ካሉት አደባባዮች አንዱ ጋ ቆማችሁ እዩ። በቅርቡ የተቆለፈበትን ምሽት ላውራችሁ። አንድ ቅጥቅጥ ከአደባባዩ ወጥቶ ወደ መናኸሪያ መሄድ ፈልጓል። መውጫው ላይ ሁለት ባጃጆች ጎን ለጎን ቆመው ሰው ይጭናሉ። ሊገባ የመጣ ሲኖትራክ አፍንጫውን አስገብቶ ቆሟል። በሲኖትራኩና በቅጥቅጡ መካከል በተረፈችው ክፍተት አንድ ባጃጅ የፊት ጎማውን ሰክቷል። ከእሱ ኋላ ሌላ ባጃጅ። ከዚያ ኋላ እኔ። የሁሉም ሞተር ይጮኻል፣ የሁሉም ክላክስ ይጮኻል፤ የሚሄድ ግን የለም። አልፎ አልፎ አንዱ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ይልና መልሶ ፍሬን ይይዛል። ያቺ ስንዝር የትም አታደርሰውም። የፈለጋት ሌላው እንዳይገባባት ብቻ ነው።

እኔን የገረመኝ የሹፌሮቹ ዓይን ነው። ማንም ማንንም አያይም። ሁሉም ፊቱን ቀጥ አድርጎ የሌለ መንገድ ያያል። የቅጥቅጡ ሹፌር ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። ባጃጅ ሹፌሩ ከፊቱ የለጠፈውን ስቲከር እንደ አዲስ የሚያነብ ይመስላል። ነገሩ ሲታይ ተንኮል አለው። ዓይን ለዓይን ከተጋጠምን ይሉኝታ ይመጣል፤ ይሉኝታ ከመጣ ማሳለፍ ግድ ይሆናል። በእግራችን ስንሆን እኮ በር ላይ «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በፍጹም!» እየተባባልን ደቂቃ የምንፈጅ ሰዎች ነን። ባንክ በር ላይ እንዲያ ነን፤ ሰርግ ቤት ምግብ ሲነሳ እንኳ እንዲያ ነን። መሪ ስንጨብጥ ያ ሁሉ ይሉኝታ ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል።

የዚያን ምሽቱን ቋጠሮ የፈታው ቢጫ ሰደርያ የለበሰ የመኪና ማቆሚያ ልጅ ነው። የትኬት ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠና መሐል ገባ። ሲኖትራኩን አልተናገረውም። ቅጥቅጡንም አልተናገረውም። ሰልፉን ተከትሎ ወደ ኋላ መጣና እኔ መስኮት ጋ ቆመ። «እህቴ፣ ትንሽ ወደ ኋላ በይልኝ።» አልኩለት። ከፊቴ ያለውን ባጃጅ ጣሪያውን መታ መታ አደረገው። «መልስ! መልስ! ቁረጥ… ይበቃል!» ቀጥሎ ያኛውን። የፊት ጎማውን የሰካው ባጃጅ ነቅሎ ሲወጣ ቅጥቅጡ ታጠፈ፣ ሲኖትራኩ ተላቀቀ፤ ከዚያማ ሁሉም ሄደ። ጠቅላላ ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቆመን የተፋጠጥነው ግን እግዜር ይወቀው።

ሳልፍ በመስኮት አመሰገንኩት። «የመጀመሪያው ሰው እሺ ካለ ሌላው ይከተላል» አለኝ። «መጀመሪያ እሺ የሚል ነው የሚጠፋው።» ይህን ብሎ ሊያመልጠው ወደነበረ መኪና ሮጠ፤ ሒሳብ አልተቀበለውም መሰለኝ።

አደባባይ ብልህ ነገር ነው። መብራት አይፈልግም፣ ፖሊስ አይፈልግም፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም። አንድ ሕግ ብቻ ይፈልጋል፤ ውስጥ ያለው ይለፍ፣ ሊገባ የመጣው ይጠብቅ። እንግሊዞች አደባባይን ያለዚህ ሕግ ብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። የእነሱም ልክ እንደ እኛው ይቆለፍ ነበር። የመጣው ሁሉ ይገባል፣ የገባው መውጫ ያጣል፣ ክቡ ሞልቶ ይቆማል። በ1966 እ.ኤ.አ. ነው የሚገባው ሰው ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ ተብሎ የተደነገገው። ነገሩን ከገፉት ሰዎች አንዱ ፍራንክ ብላክሞር የሚባል የመንገድ ምርምር መሐንዲስ ነበር። ልብ በሉ፤ ለዚህ ሕግ ሲባል መንገድ አልሰፋም፣ ድልድይ አልተሠራም። መግቢያው ላይ መስመር ተቀባ፣ መስመሩ ጋ ጠብቁ ተባለ፣ መቆለፉም ቀረ።

የእኛም የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ይህንኑ ያስተምራል። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ቢመጣ የሚስተው የለም። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ሲኖትራክ አለመኖሩ ነው።

ጃፓኖች ደግሞ የሠሩት አንድ ሙከራ አለ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ነው ውጤቱን ያሳተሙት። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች አሰለፉ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እኩል ንዱ አሏቸው። መስቀለኛ የለም፣ እግረኛ የለም፣ ደርቦ የሚቀድም የለም፣ ባጃጅ የለም። መጀመሪያ ደህና ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ከፊቱ ወዳለው ትንሽ ተጠጋና ፍሬን ነካ አደረገ። ከኋላው ያለው ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ከዚያ ኋላ ያለው ጭራሽ ቆመ። መጨናነቁ ከምንም ተነስቶ ከመኪና ወደ መኪና ወደ ኋላ መጓዝ ጀመረ። ሹፌሮቹ አላጠፉም። ችሎታ አላነሳቸውም። የተጠጋና ድንገት የያዘ ሰው ብቻ በቃ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ «ወራጅ አለ!» የሚለው ድምፅ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሚኒባሱ ፌርማታ አልደረሰም። ሹፌሩ ወደ ዳር እንኳ አልወጣም። መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ወራጁ ሒሳብ ይከፍላል፤ ረዳቱ መልስ የለኝም ይላል፤ ሁለት ሰው ተዳብሎ ይከፈለዋል፤ ሌላ ሰው ይሳፈራል። ሹፌሩ በስፖኪዮ ቢያይ የሚያየው ከኋላው ያሉትን ሁለት ሦስት መኪኖች ነው። ያቆመው ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቀውን፣ ዝም ብሎ ክላክስ የሚያደርገውን ሰው ሁሉ ነው።

«መጣሁ» ብለው የሚያቆሙትም አሉ። ሁለቱን ፍሬቻ ያበራል፣ ዳቦ ሊገዛ ይወርዳል። ሁለቱ ፍሬቻ ሲበራ መኪናው የማይታይ ይሆናል ብሎ የሚያምን ትውልድ አለን።

ባጃጅ ሹፌሮችን መስደብ ቀላል ነው፤ እኔም ድርሻዬን ተወጥቻለሁ። አንድ ቀን ግን ከፍራንኮ ሰፈር በኮንትራት የወሰደኝን ልጅ ጠየቅኩት። ሃያ ሁለት ቢሆነው ነው። በቀኝ ይቀድማል። የእግረኛ መንገድ ላይ ይወጣል። በተቃራኒ አቅጣጫ ትንሽ ይሄድና ተመልሶ ይገባል። እኔ የኋላውን ብረት በሁለት እጄ ጨብጫለሁ።

«ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? እኔ እንደሆነ አልቸኮልኩም።»

«ገቢ ነዋ ማዘር!»

ማዘር መባል ከመቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ይሁን።

ባጃጇ የእሱ አይደለችም። ለባለቤቷ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ቤንዚኑ ከራሱ ነው። ጎማ ቢፈነዳም የእሱ ዕዳ ነው። ከዚያ የተረፈው ነው ደመወዙ። ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቢውልም ገቢው አይቀነስለትም። ዝናብ ቢዘንብም፣ መንገድ ቢዘጋም፣ ፖሊስ ቢቀጣውም ያው ነው። «አንድ ቢያጆ ከቀረችብኝ እራቴ ናት የቀረችው» አለኝ። «ቆሜ ባሳልፍ የሚከፍለኝ አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ለእሱ ሒሳቡ ልክ ነው። ጠዋት ገቢ ተቆርጦበት የወጣ ሰው ሌላውን ማሳለፍ ከኪሱ እንደመክፈል ነው የሚያየው። ባለቤቱ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ማታ ገንዘቡን ይቆጥራል፤ አደባባዩን አያየውም። ግን ሁሉም በዚህ ሒሳብ ሲወጣ አንድ ቢያጆ ለማትረፍ የተፋጠጠው ሁሉ ቆሞ ሁለት ቢያጆ ይከስራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኼ ነው። ስለዚህ «የባጃጅ ሹፌር ሥርዓት ይማር» የሚለው ነገር ለእኔ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። የገቢው አሠራር እስካለ ድረስ ትምህርቱ ጠዋት ተሰምቶ ረፋድ ላይ ይረሳል።

የማደያው ሰልፍ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቤንዚን መጣ የተባለ ቀን ባጃጁና ሞተሩ ከማደያው ተነስቶ ዋናው መንገድ ላይ ይሰለፋል። ሁለት መኪና ያሳልፍ የነበረው መንገድ አንድ ያሳልፋል። ሰልፉ መሐል ላይ ደግሞ ሻይ የምታዞር፣ ቆሎ የምትሸጥ፣ «ተራዬን ያዝልኝ» ብሎ የሄደ። ግማሹ ተሽከርካሪ ለመንዳት ነዳጅ ይጠብቃል፤ ሌላው ግማሽ በእሱ ምክንያት ቆሞ ነዳጁን ያቃጥላል።

ባጃጅ ሳይበዛ በፊት የናዝሬት ታክሲ ጋሪ ነበር። ልጆች ሆነን ከገበያ በጋሪ እንመለሳለን። ባለጋሪውም ይቸኩል ነበር፤ ጅራፉ ይጮኻል፣ ስድቡም አይቀርም። ፈረሱ ግን ከፊቱ ሰው ካየ ይቆማል። ባለጋሪው ቢያብድ እንኳ ፈረሱ አያብድም ነበር።

መሪ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ሌላም ነገር ተምሬያለሁ። ለእግረኛ መቆም ጀግንነት ይጠይቃል። ዜብራ ላይ ሰው አይቼ ስቆም ከኋላዬ ክላክሱ ይጀምራል። መስኮት ዝቅ ብሎ «ሴት ናት እኮ!» ይባላል። «ወጥሽን ሥሪ!» ያለኝም አለ። ይህንን ለምጄዋለሁ፤ ወጥም እሠራለሁ። የማልለምደው ሌላ ነው። እኔ ስቆም ከኋላዬ ያለው ለምን እንደቆምኩ ሳያይ በጎኔ አልፎ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመዋል። አቆምኩላቸው። በእጄ ይለፉ አልኳቸው። እጅ ነስተው ገቡ። መኪናዬን አልፈው ብቅ ሊሉ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው በግራ ስፖኪዮዬ አንድ ሚኒባስ እየበረረ ሲመጣ አየሁ። ክላክሴን ተጭኜ እጄን በመስኮት አወጣሁ። እሳቸው ደንግጠው የመኪናዬን ኮፈን ያዙ። ሚኒባሱ ነፋሱ ነጠላቸውን እያወዛወዘ አለፈ። ፍሬን እንኳ አልነካም። እሳቸው ለእኔ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ተሻገሩ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ዋለ። እንዲገቡ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የሚገጫቸው ሌላ ሰው ሊሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዜብራ ላይ ስቆም መሐል ለመሐል ቆም እላለሁ፤ ከኋላ ያለው በጎኔ ማለፊያ እንዳያገኝ። ስድቡ ጨምሯል። ይጨምር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ያቺ ሰከንድ አልቃለች። መኪናው ገና መቆም አልጀመረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ቁጥሩ እንዲሁ ሲነበብ አይከብድም። ነጠላ ለብሶ ሲታይ ይከብዳል።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው መጣ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2024 እ.ኤ.አ. ከተከለከለ ወዲህ በየሰፈሩ እየበዛ ነው። ለጭሱ ጥሩ ነው። ግን ድምፅ የለውም። እግረኛችን ደግሞ መንገድ የሚሻገረው ግማሹን በጆሮው ነው።

ከተማችን ያለችበት ቦታም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ወደ አዋሽ፣ ከዚያ ወደ ሚሌ የሚወርደው ከባድ መኪና መንገዱ በእኛ በኩል ነው። የአርሲው መንገድም ከዚሁ ነው የሚነሳው። ተሳቢ የሚጎትት ሹፌር ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጠዋት አዳማ ሲገባ የሚጠብቀው ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ተማሪና የሽንኩርት ጆንያ ነው። ከባድ መኪና ሹፌሮች ላይ ብዙ ይወራል፤ እኔ ግን አዝንላቸዋለሁ። ተሳቢ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን መስመር አይከተልም። ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ሹፌሩ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ የሚለው። ባጃጁ ይህንን ሲያይ «በቀኝ ቦታ ተለቀቀልኝ» ብሎ ዘው ይላል። ቦታው የተለቀቀው ለእሱ አልነበረም። ለጎማው ነበር። ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ባጃጁን አያየውም፤ ባጃጁም የሹፌሩን ስፖኪዮ አያይም። ስፖኪዮው ካልታየህ ሹፌሩም አላየህም፤ ይህንን የምታነቡ ባጃጅ ሹፌሮች ካላችሁ ይቺን ብቻ ያዙልኝ።

ፈጣን መንገዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ደስ ብሎን ነበር፤ አሁንም ደስ ይለኛል። አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ የቀን ጣጣ መሆኑ ቀረ። ግን ለ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተብሎ የተሠራ መንገድ ላይ የነበረ እግር ክፍያውን ከፍሎ ሲወጣ ወዲያው አይበርድም። 60 እየነዳ የቆመ ይመስለዋል። ቅዳሜ ጠዋት የሶደሬ መንገደኛና የስብሰባ አበል የሚጠብቀው ሁሉ አንድ ላይ ሲገባብን አየዋለሁ። ከተማ መግባታቸውን የሚያውቁት ጋሪ ሲያዩ ነው።

ስለ ሰርግ ሳላወራ ብቀር ከተማው ይታዘበኛል። የጥር እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳማ ውስጥ ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ከፊት ኋላውን የከፈተ መኪና ይሄዳል፤ ቪዲዮ ቀራጩ እግሩን አንጠልጥሎ ካሜራውን ወደ ኋላ አዙሯል። ቀጥሎ የሙሽሮቹ። ከዚያ ሚዜዎቹ ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው። አጃቢው ለካሜራው እንዲታይ ጎን ለጎን ሆኖ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ይዞራሉ። ደግመው ይዞራሉ። ክላክሱ ዜማ አለው። የሚገርመው ማንም አይናደድም። በሌላው ቀን ለአንድ ስንዝር የሚጋደለው ባጃጅ ሹፌር ዳር ይዞ ቆሞ ያጨበጭባል። የቀብር መኪና ሲያልፍም እንዲሁ ነው፤ ክላክስ የለም፣ አቋርጦ የሚገባ የለም። አምቡላንስ ሲመጣም መንገድ ይከፈታል። (ከአምቡላንሱ ኋላ ተለጥፈው የሚያልፉት ሦስት ባጃጆችና አንድ ላንድ ክሩዘር ሌላ ርዕስ ናቸው።)

እንግዲህ ማሳለፍ እናውቃለን ማለት ነው። ለሙሽራ እናውቃለን፣ ለሬሳ እናውቃለን፣ ለበሽተኛ እናውቃለን። ጤነኛ ሆኖ ከሥራ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ነው ያልተለመደው።

«የአገሬ ሰው አይለወጥም» የሚለኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ይህን አልቀበለውም። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምትነዳው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ዞረች። እስቲ አስቡት። ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ አደጋ ነው፤ ሹፌሩም፣ እግረኛውም፣ በቅሎውም አዲስ ጎን ሊለምድ ነው። ሰው ለመደው። ጎን መቀየር ከቻልን አንድ መኪና ጠብቆ መግባት እንዴት ያቅተናል? ልዩነቱ ያን ጊዜ ትእዛዙ ለሁሉም በአንድ ቀን መሆኑ ይመስለኛል። አሁን ግን ብቻህን ብትጀምር የምትከስረው ብቻህን ነው። ለዚህ ነው ትራፊክ ፖሊስ የሚያስፈልገው። እኔ የማየው ፖሊስ ቀጥ ባለው መንገድ ዳር ቆሞ መንጃ ፈቃድና ቦሎ ሲጠይቅ ነው። ቦሎም ይጠየቅ፤ ግን ቦሎ የሌለው መኪና አደባባይ አይቆልፍም። ጠዋትና ማታ መግቢያው መስመር ላይ ቆሞ ሳይጠብቅ የገባውን ብቻ ቢቀጣ ምን አለበት? አንድ ወር ብቻ። ሌላውን ጥፋት ሁሉ አይቶ እንዳላየ ይለፈው።

መንገድ እየሰፋ ነው ይሉኛል። የኮሪደር ሥራውን እኔም አያለሁ፤ የእግረኛው መንገድ ሲያምር ደስ ይላል። ግን ሰፊ መንገድ ላይ ሦስተኛው መስመር ምን እንደሚሆን እናውቃለን። በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ነው። በሁለተኛው የባጃጅ መጫኛ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን መንዳት እየተማረ ነው። ትምህርት ቤቱ በዘንጎች መካከል ወደ ኋላ እንዲገባ ያስለማምደዋል። ዘንግ ሳይነካ ከገባ አለፈ ማለት ነው። ዘንግ ደግሞ አይቀድምህም፣ አይሰድብህም፣ ገቢ የለበትም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ማታ ከጎኔ አስቀምጬው እዞራለሁ፤ አትነዳም፣ ዝም ብለህ እይ እለዋለሁ። ባለፈው ሁለት መንገድ አንድ የሚሆንበት ቦታ ደረስን። በቀኝ የባጃጅ ሰልፍ፣ በግራ እኛ። ቆም አልኩና መብራት ነካ አድርጌ ጠራኋቸው።

«ስንት ነው የምታሳልፊው አክስቴ?»

«አንድ። አንድ ከእነሱ፣ አንድ ከእኛ። እንዲህ ሲሆን ማንም ሳይቆም ያልፋል።»

አንዱ ባጃጅ ገባ። ሁለተኛው ጭራውን ይዞ ገባ። ሦስተኛው እኔን እንዳያይ አንገቱን አዙሮ ገባ። ልጁ ሳቁን አፍኖ ወደ እኔ ዞረ። አራተኛው ግን ቆመ። እጄን አውጥቼ ላመሰግነው ስል ወርዶ ባጃጇን መግፋት ጀመረ። ቤንዚን ጨርሶ ኖሯል። በዚያው ገባን።